ጅጅጋ ጥቁር ሻይ የጠጣች ቀን

ዕድሜዬን ሰውን በሁለት ረድፍ ስመድብ ኖሬ፣ ጡረታ የወጣሁ ዕለት ራሴን የት እንደምመድብ ጠፋኝ። ሥራ ያለው በዚህ፣ ሥራ የሌለው በዚያ፤ እንጀራዬ ይኸው ነበር። ባልደረቦቼ ያለበሱኝን ጋቢ በክንዴ አጥፌ ከግቢው ስወጣ ዘበኛችን «እትዬ ጽጌ፣ እንግዲህ ሥራ ፈቱ አይደል!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ባጃጅ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ቀልዱን መላልሼ አሰብኩት። ሹፌሩን ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ድሮ አለቃዬ ወደ አዴር ጉሌድ ቤት እንዲነዳ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያጋጥመኝ የምሄደው ወደ እሳቸው ነበር። ምን እንዳሉኝ ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

የእኔ ሥራ የሰውን ሥራ መጠየቅ ነበር። ማን በምን ይኖራል፣ የቀን ሠራተኛ ምንዳ ወጣ ወይስ ወረደ፣ የትኛው ሙያ ሰው እየሳበ የትኛው እየበተነ ነው፤ ከጅጅጋ እስከ አይሻ ባሉት ከተሞች እየዞርን ይህንን እናጠና ነበር። የቢሯችን ስም ስንቴ እንደተቀየረ ብትጠይቁኝ አልመልስም። ማኅተሙ ይቀየራል፣ ወንበሩ ግን ያው ነው። የእኛው ደመወዝ አንዳንዴ ስለሚዘገይ «የራሳቸውን የማያውቁ የደመወዝ አጥኚዎች» እየተባልን ይቀለድብን ነበር፤ ውሸትም አልነበረም።

ናዝሬት ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ጅጅጋ ስመደብ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብላ ነው። ለአንድ ዓመት ብዬ ሄድኩ። ያ አንድ ዓመት እስካሁን አላለቀም።

አዴር ጉሌድ የቡድናችን መሪ ነበሩ። «አዴር» በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ በጅጅጋ ትልቅ ሰው ሁሉ አዴር ነው፣ እሳቸውን ግን ከንቲባውም ሹፌሩም እንደዚያ ስለሚሏቸው የሹመት ስም መስሎኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ የከተማው ልጅ ናቸው። ድሬዳዋ ስለተማሩ አማርኛቸው የድሬዳዋ ነው፤ ሳያሾፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሄድም። ሰው ሲያናግሩ ሁልጊዜ ከዚያ ሰው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሰውየው በርጩማ ላይ ከሆነ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ቆሞ ከሆነ ቁጢጥ ይላሉ። የቀረበላቸውን ሁሉ ይጠጣሉ። ብዕራቸውንም ሰው ፊት አያወጡም። «ሰው ብዕር ሲያይ ለመንግሥት ነው የሚያወራው» ይሉኝ ነበር፤ «ብዕሩን ደብቂው፣ ለአንቺ ያወራሻል።» የሰሙትን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ጥግ ከያዙ በኋላ ነበር የሚጽፉት።

በሁለተኛው ሳምንቴ ከብት ገበያ ወሰዱኝ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በሌላ ሰውዬ ፎጣ ሥር አስገብተው በጣት ሲደራደሩ አየሁ። ዋጋው ለተመልካች እንዳይሰማ ጣት በመጨበጥ ነው የሚነጋገሩት፤ አንዳቸውም አፋቸውን አይከፍቱም። ድርድሩ ሲያልቅ ጠጋ ብዬ፣ በኩራት፣ ከመዝገቤ ላይ እያነበብኩ «አባቴ፣ ሥራ አለዎት?» አልኳቸው።

«የለኝም» አሉኝ።

ሥራ የሌላቸው ከሚለው ረድፍ ውስጥ አስገባኋቸው። አዴር ጉሌድ በትከሻዬ በኩል አይተው እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ።

«ጽጌ! እኚህ ሰውዬ ሥራ ከሌላቸው ጅጅጋ ውስጥ ሥራ ያለው ማን ነው?» አሉና ሽማግሌው እግር ሥር ቁጢጥ አሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ። ከዚያ እንደ ዘበት «አዴር፣ ትናንት ፀሐይ ስትወጣ የት ነበሩ?» አሉ።

ሽማግሌው ማውራት ጀመሩ። ፀሐይ ስትወጣ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ከሩቅ የመጡ ባለግመሎችን ተቀብለው፣ ማደሪያ አሳይተው፣ ከብቱ የተሰረቀ እንዳልሆነ ለገዢው ዋስ ሆነው። ደላላ ናቸው። ከብቱ ነገ ባለቤት ቢመጣበት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ወደ ቢሮ ስንመለስ አዴር ጉሌድ ነገሩን አስረዱኝ፦ «ለእሳቸው ሥራ ማለት ቢሮ ገብቶ ደመወዝ መቀበል ነው። እሳቸው የሚሠሩት ኑሮ ነው። ስለዚህ ሥራ አለህ ወይ ብለሽ ማንንም አትጠይቂ። ትናንት ጠዋት የት እንደነበረ ጠይቂው።»

ያቺ ጥያቄ በቢሯችን «የጉሌድ ጥያቄ» ተባለች። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከቁልፍና ከወንበር ጋር እሷን ያስረክቡት ነበር።

ሌላም ብዙ ነገር አስተማሩኝ። የከተማው ሕንፃ እንደ እንጉዳይ መብቀል ሲጀምር፣ የቀን ሠራተኛው ስለ ምንዳው አንዱ አሳንሶ፣ አንዱ አጋኖ ይነግረን ነበር። እሳቸው አይከራከሩም። የምሳ ሰዓት ጠብቀው ከሠራተኞቹ መሐል ይቀመጣሉ። ዳቦ በሻይ የሚበላው ከበዛ ምንዳው ኑሮውን አልቻለም፤ ባስታ የሚሉት ፓስታ ከመጣ ተሻሽሏል፤ ሩዝ በሥጋ ከሆነ ደግሞ ግንበኛ ጠፍቶ ተቀጣሪው እየተለመነ ነው። «ሰው በአፉ ይዋሻል፣ በምሳው ግን አይዋሽም» ይሉ ነበር። እኔ የጠረጠርኩት በዚያ ሰበብ ምሳ እንደሚጋበዙ ነው፤ ብላቸው «ሁለቱም» አሉኝ።

ሐርተሼክን፣ ድንበር አጠገብ የነበረው የስደተኞች ካምፕ ሳይዘጋ ያየ ሰው በኋላ ያየውን አያምንም። ተሸካሚው፣ ውኃ ሻጩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዱቄት ቸርቻሪው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ካምፑ ሲዘጋ የቀረውን ሥራ እንድናጠና ተላክን። ሁላችንም የተከፈቱትን ሱቆች ስንጠይቅ እሳቸው ወደ ተዘጉት ሄዱ። በሩ ሥር አሸዋ የተከመረበትን አንድ በአንድ አሳዩኝና «ይኼ ከርሟል፣ ይኼ ሰሞኑን ነው፣ ይኼኛው ደግሞ ጠዋት ሄዷል፣ ሩቅ አልሄደም፣ ፈልገሽ አግኚው» አሉኝ። ፈልጌ አገኘሁት፤ ለጅጅጋ መኪና ዕቃውን እየጫነ ነበር። የሐርተሼክ ሥራ ወዴት እንደሄደ ያወቅሁት ከእሱ አፍ ነው። የጋሪ ነጂዎቹ ባጃጅ ነጂ ሲሆኑም፣ ጫቱ ከሌላው ሥራ የበለጠ ሰው ሲቀጥርም፣ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ቢሮው ከሰዓት ለበርጫ ጭር ሲል እሳቸው ጫት ሻጮቹ ዘንድ ሄደው ይቀመጡ ነበር፤ ሊቅሙ ሳይሆን፣ የትኛው ሠራተኛ ከየትኛው ጫት ወደየትኛው እንደወረደ ሊያዩ።

እንዲህ ያሉ ሰው ተሳሳቱ።

ከዋናው የሚኒባስ መናኸሪያ አጠገብ ወተት የሚሸጥበት ዳስ ነበር። ሴቶቹ ከየመንደሩ በማለዳ በጭነት መኪና ይመጡና፣ ጀሪካናቸውን ከፊታቸው ደርድረው ለሻይ ቤቶቹም ለቤተሰቡም ይሸጣሉ። ከተማው አዲስ ገበያ ሊሠራ አስቦ፣ የትኛው ንግድ ስንት ሰው ቀጥሮ እንደሚያኖር አጥኑልን አለን። ቦታ የሚሰጠው ቋሚ ሠራተኛ ላለው ንግድ ነው ተባለ። ሁሉንም አጠናን፤ ወተቱንም።

ፋዱማን ያወቅናት ያኔ ነው። ትከሻ ሰፊ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከሐርተሼክ መንገድ ገባ ካለ መንደር የምትመጣ ሴት ናት። አማርኛዋ ገበያ የተማረችው ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሚኒስትርም አንተ ነው የምትለው። አዴር ጉሌድ እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሻይዋን ጠጥተው፣ ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

«ትናንት ፀሐይ ስትወጣ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ላሞች አልብ ነበር።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ቤቴ ነዋ።»

አጠገቧ ያለችውም እንደዚያው አለች፤ ቀጥላ ያለችውም። የተቀመጡት ሁሉ ትናንት ቤታቸው ነበሩ። እንግዲህ እያንዳንዷ ወተት የተረፋት ቀን ብቅ የምትል ናት እንጂ ነጋዴ አይደለችም፤ እንዲህ ነበር የተረዳነው። በጥናቱ ላይ «የወተት ሽያጭ ቋሚ ሠራተኛ የለውም» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የፈረሙት እሳቸው። በጀሪካኖቹ እጀታ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ጨርቅ መታሰሩን አይቼ ነበር፤ ጌጥ መስሎኝ ደስ አለኝ፣ አለፍኩት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ዳሱ እንደሚፈርስና ለወተት ሴቶቹ በአዲሱ ገበያ ቦታ እንደሌለ ተነገራቸው። ፋዱማ ብቻዋን ቢሯችን መጣች።

«ማነው እኔ ሥራ የለኝም ያለ?»

አዴር ጉሌድ ወንበር ሰጥተው ጥናቱ ምን እንደሚል በሶማልኛ አስረዷት። እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ሐዬ» አለች፤ እሺ ማለት ነው። ተነሥታ ወጣች። አዴር ጉሌድ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላሾፉም።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ጎራ ብዬ ሻይ በወተት አዘዝኩ። «ወተት የለም» አለኝ አስተናጋጁ። ሌላ ሻይ ቤት ሄድኩ፤ የለም። ዱቄት ወተት ያለው ዱቄቱን ይበጠብጣል፤ የሌለው ጥቁሩን ያቀርባል። የቢሯችን ኃላፊ ያለ ወተት ሻይ ዐይናቸው የማይገለጥ ሰው ናቸውና በረንዳ ላይ ቆመው «ምን ዓይነት ከተማ ነው!» እያሉ ይነጫነጩ ነበር። ጅጅጋ በሙሉ ጥቁር ሻይ ይዞ እርስ በርሱ ይጠያየቃል።

ያኔ ነው ሴቶቹ የመጡት። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሴት ተሞላ። ባጃጆቹ ቆሙ። ባዶ ጀሪካናቸውን እንዳንጠለጠሉ በግቢያችን በር ገብተው ጸጥ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው ፋዱማ አለች። አዴር ጉሌድ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ከሻይ ቤቱ ተከትለዋቸው ገቡ።

«አንተ» አለቻቸው ፋዱማ፣ «ትናንት የት ነበርሽ ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ ደግሞ ዛሬ ልጠይቅህ። ሻይህ ወተት አለው?»

ብርጭቋቸውን አዩ። «የለውም» አሉ።

ከዚያ ነገሩን ዘርግታ ነገረችን። ሴቶቹ በየመንደሩ በቡድን ተቧድነዋል። የአንዷ ተራ ሲደርስ የሁሉንም ወተት ይዛ ጅጅጋ ትመጣለች፤ የቀሩት ያልባሉ፣ ጀሪካኑን ያጥናሉ፣ ከብቱንም የእሷንም ልጆች ይጠብቃሉ። በማግስቱ ሌላዋ ትመጣለች። የጨርቁ ቀለም የማን ወተት የት እንዳለ መለያ ነው። እያንዳንዷ ሴት ትናንት ቤቷ የነበረችው ተራዋ ስላልነበረ ነው እንጂ ሥራ ስለሌላት አይደለም። በአንዲት ሻጭ ጀርባ መንደር ሙሉ ሴት ቆሞ ነበር። ያቺ የጉሌድ ጥያቄ፣ ስንቱን ሥራ ከተደበቀበት ያወጣች ጥያቄ፣ ይህንን ደበቀችው።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አሏት።

«አልጠየቅከኝም።»

«እሺ ዛሬስ ተራው የማን ነበር?»

ፋዱማ ወደ ኋላዋ ዞራ ሴቶቹን አየች። «የሁላችንም ነው» አለች።

አዴር ጉሌድ ብርጭቆውን አስቀምጠው ሴቶቹ መሐል መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ሲያደርጉት ያላየሁትን አደረጉ፤ ሰው ፊት ብዕራቸውን አወጡ። «እንግዲህ እንደ አዲስ ንገሩኝ» አሉ። «የከተማ ልጅ ነኝ፤ ወተት ከጀሪካን የሚወለድ ይመስለኝ ነበር።» ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁት፤ አይስቁም ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት የገበያውን ጉዳይ ወደያዘው ኮሚቴ ሄድን። ሰብሳቢው ሰው አክባሪ ነበር፣ ክፉ አልነበረም፤ ጉዳዩ ግን አልቋል ባይ ነው።

«አዴር፣ ጥናቱ እኮ የእርስዎ ነው። ፊርማዎ አለበት።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት» አሉ። «የሌላ ሰው ቢሆን ቢሮዬ ቁጭ እል ነበር። ሴቶቹ አልዋሹም። እኔ ነኝ መጠየቅ ያልቻልኩ። ጥናቱ ስሕተት ነው።»

እኔ የኮታቸውን ጫፍ ልጎትት ምንም አልቀረኝም። ከኮሚቴው አንዱ ሊረዳቸው ብሎ «የመረጃ እጥረት አጋጥሞ ነበር እንበለውና እንለፈው» አለ።

«እጥረት አልነበረም። መረጃው ጀሪካን ይዞ ፊቴ ቆሞ ነበር።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ደፋር አይቻለሁ፤ በሌላው ላይ የሚደፍር ሞልቷል። በራሱ ፊርማ ላይ የደፈረ ያየሁት ግን እሳቸውን ብቻ ነው። ያን ቀን ወደድኳቸው ማለት ያንሳል። አባቴ ቢሆኑ ብዬ ተመኘሁ።

ጥናቱ እንዲደገም ተፈቀደ። ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ የዳሱ መፍረስ ቀድሞ ታዝዞ ስለነበር ማንም ሳያስቆመው ፈረሰ። ሴቶቹ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት መንገድ ዳር ጀሪካናቸውን በላስቲክ ሸፍነው ሸጡ። ወተቱ ይበላሻል፣ ባጃጅ ይደፋዋል፣ ደንብ አስከባሪ ያባርራቸዋል። ተራው ተናጋ። ከፋዱማ ቡድን ሳህራ የምትባል ወጣት እናት ነበረች፤ ቢጫ ጨርቅ የእሷ ነው። ሁለት ተራ በተከታታይ የቡድኑ ወተት ሲደፋባት፣ ላሟን ሸጣ፣ ልጇን ለእናቷ ትታ፣ በአይሻ በኩል ጅቡቲ ለሰው ቤት ሥራ ሄደች። ይህንን ስነግራቸው አዴር ጉሌድ የጥናቱን ቅጂ ገልጠው ፊርማቸውን አዩ። ከዚያ «ጥናቱስ ይደገማል፤ የሳህራን ኑሮ ማን ይደግማል?» አሉኝ። 

የተደገመው ጥናት ላይ ጥያቄውን ራሳቸው ቀየሩት። «ትናንት የት ነበርሽ?» ቀረና «ተራሽ መቼ ነው?» ሆነ። ሥራው እንዳለቀ ከቡድን መሪነት ተነሥተው አይሻ ተመደቡ። ለሥራ ቅልጥፍና ነው ተባለ። ቦታቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ በእሳቸው ወንበር ላይ መቀመጥ ስላስጠላኝ ለወራት የራሴን ወንበር እየጎተትኩ ሠራሁ።

አይሻ በዚያ ዘመን አሮጌው ባቡር መምጣት ያቆመባት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰባት ከተማ ነበረች። ቅጣት መስሎን ነበር የላክናቸው፤ እሳቸው ግን በስልክ በሳቅ ነው የሚያወሩኝ። «ጽጌ፣ እዚህ ባቡር የለም፣ ተረኛ ግን አለ! የባቡር ሠራተኞቹ ዛሬም ተራ ገብተው ጣቢያውን ይጠርጋሉ። ምን ላይ ልመድባቸው?» ይሉኛል። በወሬያችን መጨረሻ ሁልጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ከጅቡቲ የሚመጣውን የጭነት መኪና ሹፌር ሁሉ ስለ ሳህራ እንደሚጠይቁ ይነግሩኛል። አንዱ አየኋት ይላል፣ አንዱ ስሟን ሰምቻለሁ ይላል። አላገኟትም። አዲሱ ባቡር መጥቶ ፉጨቱ ሲሰማም እሳቸው አሁንም ሹፌሮችን ይጠይቁ ነበር።

የወተት ሴቶቹ መሸጫ ጣሪያ የተሠራው ዳሱ ከፈረሰ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኮሚቴው በተደገመው ጥናት ውስጥ የሴቶቹን ብዛት አይቶ ደንግጦ ነበር፤ ይህን ሁሉ ሰው የት እናስቀምጣለን ብለው ለክርክር ተዘጋጅተው ፋዱማን ጠሯት። «ለአንድ ቡድን አንድ ቦታ ይበቃል። ተራ አለን አይደል?» አለቻቸው። ክርክሩ ሻይ ሳይቀርብ አለቀ። ዛሬም ያ ጣሪያ ከመናኸሪያው ጀርባ አለ፤ ሴቶቹም ከሥሩ አሉ። ከፋዱማ ቡድን ጀሪካኖች አጠገብ አንድ ባለ ቢጫ ጨርቅ ባዶ ጀሪካን ሁልጊዜ ይቀመጣል። የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

አዴር ጉሌድ ጡረታ ወጥተው ጅጅጋ ከተመለሱ በኋላ ጠዋት ጠዋት እዚያ ጣሪያ ሥር ይገኙ ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ከሴቶቹ ዝቅ ብለው። ፋዱማ ተራዋ በደረሰ ቀን «ይኼ ሰውዬ ሥራ የለውም፤ ጽጌ፣ ጻፊው!» ትለኛለች። እሳቸው ይስቃሉ፤ ጢማቸው ያኔ ከሂናው በታች ነጭ ሆኗል።

እንግዲህ ጡረታ የወጣሁ ዕለት የደረስኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ጋቢዬን አሳየኋቸው፣ የዘበኛውን ቀልድ ነገርኳቸው፣ «አሁን የት ረድፍ ነኝ?» አልኳቸው።

«ትናንት ፀሐይ ስትወጣ የት ነበርሽ?»

«ተኝቼ።»

ሳቅና ሳል ተቀላቀለባቸው። «ያቺ ጥያቄ ልክ አይደለችም ብዬሽ አልነበር? ዝም ብለሽ ቆዪ። ተራሽ ይደርሳል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ያረፉት ከሰዓት ነው፤ ፀሐይ ሳትገባ ተቀበሩ። ናዝሬት ላለችው እህቴ ደውዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩባት። በማግስቱ ማልጄ ለቅሶ ቤታቸው ስሄድ መንገድ ላይ ያለው ሻይ ቤት ሰው ሞልቶት አየሁ፤ ሁሉም ጥቁር ሻይ ይዟል። አንድ ወጣት አስተናጋጁን «ጅጅጋ ውስጥ እንዴት ወተት ይጠፋል?» እያለ ይሟገተዋል። ለምን እንደጠፋ ገባኝ።

ግቢያቸው ከበሩ እስከ ጓሮው በሴት ተሞልቷል። ከየመንደሩ የመጡ ናቸው። ጀሪካኖቹ በዚህ ጊዜ ባዶ አልነበሩም፤ የዚያን ቀን የከተማው ወተት በሙሉ እዚያ ግቢ ነበር፤ ለለቀስተኛው በትልልቅ ድስት ይፈላል። ፋዱማ እጅጌዋን ሰብስባ እሳቱ አጠገብ ቆማለች። ዐይኗ ቀልቷል። ተቃቅፈን ጥቂት ከቆየን በኋላ፣ መልሱን እያወቅሁት ጠየቅኳት።

«ፋዱማ፣ ዛሬ ተራው የማን ነው?»

«የሁላችንም ነው» አለችና፣ ባለ ቢጫ ጨርቁን የሳህራን ጀሪካን፣ በወተት እንደተሞላ፣ አንሥታ እጄ ላይ አስያዘችኝ።